የተከፈተ ወይን ሲተርፍ ምን ታደርጉታላችሁ? ቡሹን መልሶ መክደን ይበቃል?

አንድ_ብርጭቆ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከቤታችን ወይን የምቀምሰው እኔ ብቻ ነኝ። ብጠጣም አንድ ብርጭቆ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ቡሹን መልሼ እከድንና የቀረውን ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። በማግስቱ ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ ግን የፍራፍሬው መዓዛ ድራሹ ይጠፋል። በምትኩ ተቆርጦ የዋለ ፖም፣ ፖም ይሸታል። አንዳንዴም ጉሮሮ ይከረክራል። ፍሪጅ እንዳልከተው ደግሞ ቀይ ወይን ቀዝቅዞ አይጠጣም ሲሉ እሰማለሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። የተከፈተ ወይን ስንት ቀን ይቆያል? ቀዩና ነጩ ይለያያል? አየር የሚስቡት ትናንሽ ፓምፖችስ ይሠራሉ ወይስ ዝም ብሎ ገንዘብ ማውጣት ነው?

ሙሉ_ጠርሙስ፦
"የተረፈ ወይን" ደግሞ ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ዛሬ ገና ሰማሁ።

አወያይ፦
ስለ ወይን በተከፈተ ክር ሁሉ ይቺ ቀልድ ቀድማ ትገባለች። መዝግበናል። ወደ ጥያቄው።

የቡሽ_ሰው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያንን ጠርሙስ ከጠረጴዛ ላይ አንሳና ፍሪጅ ክተተው። ቀይ ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ ሮዜ ሆነ ለውጥ የለውም። "ቀይ ወይን ቀዝቅዞ አይጠጣም" የሚሉት ስለ አጠጣጡ ነው። ልትጠጣ ስታስብ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀደም ብለህ ታወጣዋለህ፣ አለቀ። ቅዝቃዜው ወይኑን አይጎዳም። የሚያበላሸውን ነገር ነው የሚያዘገየው።

ጠርሙሱ ይቁም፣ አይጋደም። የሚጋደመው ያልተከፈተ ጠርሙስ ነው፣ ያውም ቡሹ እንዳይደርቅ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ። የተከፈተውን ካጋደምከው አየር የሚነካው የወይኑ ስፋት ይጨምራል። ከዚያም አልፎ ፍሪጁን ያጨማልቅልሃል።

ቀኑን በግምት ልንገርህ። በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ የቆመ ነጭ፣ ሮዜም ሆነ ቀይ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሄዳል። አረፋ ያለው ከ1 እስከ 3 ቀን። ይሄ ግን ከጠርሙሱ ትንሽ ብቻ ከጎደለ ነው። ታች አንድ ብርጭቆ ብቻ የቀረው ጠርሙስ ነገን ካለፈ ተመስገን በል።

አሁን ዋናው ነገር። ባዶ ግማሽ ጠርሙስ ፈልግ፤ 375 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን፣ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለውን። አንዴ ጠጥተህ አጥበህ አስቀምጠው፣ ለዓመታት ያገለግልሃል። አዲሱን ጠርሙስ እንደከፈትክ፣ ገና ለራስህ ሳትቀዳ፣ ግማሹን ወደሱ ገልብጥና እስከ አፉ ሙላው። ክደነውና ፍሪጅ። ከዚያ የቀረውን ተረጋግተህ ጠጣ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ማታ ሲተኛ ነው ስለ ማስቀመጥ የሚያስበው። በዚያ ሰዓት ወይኑ ለሦስት ሰዓት አየር ሲጠጣ አምሽቷል።

አንድ_ብርጭቆ፦
አመሰግናለሁ። ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ። "እስከ አፉ" ስትል ግን ምን ያህል ነው? ሳይፈስ ይከደናል?

የቡሽ_ሰው፦
ይቅርታ እህቴ።

ቢፈስ ይሻላል። ትንሿን ጠርሙስ ዘንበል አድርጊና ወይኑን በውስጥ ግድግዳዋ ላይ ቀስ ብለሽ አውርጂው። ከላይ እየተንቦጫረቀ ከወረደ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ደግሞ አየር ነው። አንገቷ ጋ ሲደርስ ቀና አድርጊያትና በጠብታ ሙያት። ወይኑ አፏ ላይ ጉብ ብሎ ሲታይሽ ክዳኑን ጠምዝዢ። አንድ ሁለት ጠብታ በጣትሽ ላይ ከወረደ በትክክል ሞልተሻል ማለት ነው። ጠርሙሷ ከማጠቢያ ሳሙና ሽታ ነፃ መሆኗን ግን አስቀድመሽ አሽቺ። በሙቅ ውሃ ብቻ ማለቅለቅና ገልብጦ ማድረቅ ይበቃል።

እንዲህ የተሞላ ወይን ሳምንት ሲያልፈው ስንቴ አይቻለሁ፤ ልክ ያኔ የተከፈተ ነው የሚመስለው።

ላብራቶሪ፦
የቡሽ_ሰው ያለው ትክክል ነው። ሒሳቡን ልጨምርበት።

መደበኛ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሹ ተጠጣ እንበል። ባዶ የሆነውን 375 ሚሊ ሊትር አየር ይሞላዋል። ከአየር 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። በክብደት ስናየው ወደ 100 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ከወይኑ በላይ ተቀምጧል። ወይን በክፍል ሙቀት በአንድ ጊዜ የሚያሟሟው በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለቀረው ግማሽ ጠርሙስ 3 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ከላይ ያለው ከ30 እጥፍ በላይ ነው! የሟሟው ከወይኑ ጋር ተዋህዶ ሲያልቅ ከላይ ሌላ ይተካል። እሱም ሲያልቅ ሌላ። ቡሹን መልሶ መክደን አዲስ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። የገባውን ግን ከወይኑ ጋር አንድ ላይ ይቆልፍበታል።

ትንሿ ጠርሙስ እስከ አፏ ስትሞላ የሚቀራት አየር 2 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ኦክስጅኑ ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ። ሲገለበጥ የሚገባውን ትንሽ ብንጨምርበት እንኳ ከ100 ጋር አይወዳደርም።

ያ የፖም ሽታ አሴታልዴሃይድ ነው። ምላስ የሚያደርቀውን ታኒንና ቀለሙን የሚሰጡት፣ ፌኖሎች የሚባሉት ውህዶች ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። እሱ ደግሞ አልኮሉን ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀይረዋል። ጉሮሮ የሚከረክረው ሌላ ነው። አሴቶባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ሲቀይሩት ነው፤ በአጭሩ ወደ አቼቶ። እነሱም ኦክስጅን ካላገኙ አይባዙም። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1866 ስለ ወይን ባሳተመው ጥናት ወይንን የሚያበላሹት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች መሆናቸውን አሳይቷል። ለብ አድርጎ በማሞቅ እንደሚገቱም እንዲሁ። ዛሬ በወተት የምናውቀው ፓስቸራይዜሽን መጀመሪያ የታሰበው ለወይን ነበር።

ፍሪጅ ሁለቱንም ያዘገያል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ከ24 ዲግሪ ክፍል ወደ 4 ዲግሪ ፍሪጅ መግባት አራት እጥፍ ያህል ጊዜ መግዛት ነው። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ኦክስጅን በብዛት ያሟሟል፣ ይሄ እውነት ነው። የሟሟው ግን ሥራውን የሚሠራው በዝግታ ስለሆነ በድምሩ ፍሪጁ ያሸንፋል።

ፓምፕ_አለኝ፦
እህቴ ላብራቶሪ፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው። ግን ማነው በየማታው ጠርሙስ ሲያለቀልቅና ሲገለብጥ የሚያመሸው? እኔ የላስቲክ ክዳንና የእጅ ፓምፕ አለኝ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ስቤ ፍሪጅ እከተዋለሁ። ቀይ ወይን አራት ቀን ያለ ችግር ይሄድልኛል።

ላብራቶሪ፦
አራት ቀን ያለ ፓምፕም በፍሪጅ ብቻ ይሄድልህ ነበር። አብዛኛውን ሥራ የሠራው ፍሪጁ ነው ባይ ነኝ።

ፓምፑ አየሩን በሙሉ አያወጣም። ሦስት አራተኛውን አወጣ ብንል እንኳ ከ100 ውስጥ 25 ሚሊ ግራም ይቀራል። እሱም ወይኑን ለማድከም ይበቃል። የላስቲኩ ክዳን ደግሞ እያደር አየር ያስገባል። ይሄንን ራስህ ልትፈትነው ትችላለህ። በማግስቱ ክዳኑን ከጎኑ ጫን ስታደርገው "ፍስስ" የሚል ድምፅ መስማት አለብህ። ዝም ካለ ሌሊቱን አየር ገብቷል ማለት ነው። ላስቲኩን እጠበው፣ የጠርሙሱን አፍ ጥረገው፣ አሁንም ዝም ካለ አዲስ ክዳን ያስፈልግሃል።

ፓምፕ_አለኝ፦
አሁን ሄጄ ጫን አደረግኩት። ዝም አለ።

ይሁን። አንዱ ክዳን ቢያረጅ ፓምፕ ሁሉ ከንቱ ነው አያሰኝም። አዲስ እገዛለሁ።

ጋሽ_አሳላፊ፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ወይን ስቀዳ የኖርኩ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ፓምፑም ጋዙም ከመምጣቱ በፊት በብርጭቆ የሚሸጥ ወይን ነበር። እንዴት እንደምንይዘው ልንገራችሁ።

ጠርሙስ ስንከፍት አንገቱ ላይ ወረቀት ለጥፈን ቀኑን እንጽፋለን። ይሄ ቤት ውስጥም ይሠራል። ሰው "ትናንት የከፈትኩት ነው" ይላል፣ ስትቆጥሩት ሳምንት ሆኖታል። ከመቅዳታችን በፊት ደግሞ የጠርሙሱን አፍ አናሸትም። ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አድርገን፣ አሽከርክረን፣ ከዚያ ነው የምናሸተው። የጠርሙስ አፍ ሁልጊዜ ያታልላል። ጫፉ ላይ የደረቀው ጠብታ ነው የሚሸታችሁ።

ቡሹ ሲመለስ በወይን የቀላው ጫፍ ወደ ውስጥ ይግባ። ሰው ሌላኛው ጫፍ ስለሚቀጥን ገልብጦ ይከተዋል። የውጪው ጫፍ ግን ስንት ጊዜ አቧራና ሻጋታ ላይ እንደቆየ ማን ያውቃል? የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ጠርሙስ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ለተከፈተ ወይን ከቡሽ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ወይንም እንደ ዘሩ ነው። ፒኖ ኗር ስስ ነው፤ በሁለተኛው ቀን መልኩም ልቡም ይሸሻል። ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራ፣ ኔቢዮሎ፣ ታና የሚባለው ደግሞ ታኒናቸው ስለሚበዛ ይታገላሉ። ከነጮቹ ኮምጠጥ የሚለው ሪስሊንግ በፍሪጅ ደህና ይቆያል፣ በተለይ ትንሽ ስኳር ካለው። ያረጀ ወይን ግን፣ አሥርና ሃያ ዓመት በጠርሙስ የቆየ፣ ለማስቀመጥ አታስቡት። ከተከፈተ በሰዓታት ነው የሚደክመው። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ የምትከፍቱት አጋዥ ሰው ሲኖር ብቻ ይሁን።

አንድ_ብርጭቆ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቀኑን መለጠፉን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሰልፋይት የሌለበት የሚባለውስ? አንድ ጠርሙስ ስጦታ መጥቶልኝ አለ።

ላብራቶሪ፦
እሱን በከፈትሽበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጨርሺው። ሰልፋይት የሚባለው፣ ማለትም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ወይኑ ውስጥ ጠባቂ ነው። ያንን ፐርኦክሳይድ ቀድሞ ያጠፋዋል፣ የተፈጠረውን አሴታልዴሃይድም ይዞ ያስቀረዋል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክማል። ከሌለ ወይኑ ራሱን የሚከላከለው በታኒኑና በአሲዱ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ "ሰልፋይት ያልተጨመረበት" ማለት ጭራሽ የለውም ማለት አይደለም። እርሾው ራሱ ሲያፈላ ትንሽ ይሠራል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ካለው ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ_ቀን፦
ሁላችሁም ኦክስጅንን ጠላት አደረጋችሁት። እኔ አንዳንድ ቀይ ወይን ሆን ብዬ ለነገ እተዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ምላስ የሚያደርቅ፣ ዝግት ያለ ወይን በሁለተኛው ቀን ይከፈታል። ይሄንንስ ምን ትሉታላችሁ?

ጋሽ_አሳላፊ፦
ልጄ፣ እውነትህን ነው። ወጣትና ታኒን የበዛበት ቀይ ትንሽ አየር ይወዳል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጠን የምናሳርፈው ለዚሁ ነው። ግን ጫፉ ቅርብ ነው። በሁለተኛው ቀን የተሻለው በሦስተኛው ይወርዳል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያደረ ወይን ደግሞ ወደ ጠርሙሱ ቢመለስም አየሩን ጠጥቶ ነው የሚመለስ፣ ዕድሜው አጭር ነው። ቀላልና ፍሬ ፍሬ የሚል ወይን ላይ ይሄን አትሞክር። እሱ ያለው መዓዛው ብቻ ነው፣ መዓዛው ከሄደ ምን ቀረ?

ጋዝ_ወዳድ፦
የሚረጨውን ጋዝ ማንም አላነሳም። እኔ አርጎን የምጠቀም ሰው ነኝ። ጣሳው ሲያዙት ባዶ ይመስላል፣ ውስጡ ጋዝ ብቻ ስለሆነ። በቀጭን ቱቦ ጠርሙሱ ውስጥ ትንፍስ ታደርጉና ወዲያው ትከድናላችሁ። አርጎን ከአየር ይከብዳል። ወይኑ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይተኛል።

ላብራቶሪ፦
አርጎን ከአየር 1.4 እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ከምንም ነገር ጋር አይዋሃድም፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። ለዚህ ሥራ የተመረጠ ጋዝ ነው። ብርድ ልብሱ ላይ ግን አልስማማም። ጋዞች ጊዜ ካገኙ ይደባለቃሉ። ከታች አርጎን፣ ከላይ ኦክስጅን ተብለው ተለያይተው አያድሩም። የሚጠቅመው በብዛት ገብቶ አየሩን ከጠርሙሱ ገፍቶ ሲያስወጣ ነው። አንዴ "ትስ" አድርጎ መክደን ለራስ ማጽናኛ ነው። ረዘም አድርገህ ንፋ፣ ቱቦውን ስታወጣ ክዳኑ በሌላኛው እጅህ ዝግጁ ይሁን፣ ከዚያ ጠርሙሱን አታናውጠው።

ጋዝ_ወዳድ፦
ተቀብያለሁ። በመርፌ የሚሠራውስ? ኮራቪን?

ላብራቶሪ፦
እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ጠርሙሱ ጭራሽ አይከፈትም። ቀጭን መርፌ በቡሹ ውስጥ ያልፋል፣ አርጎን ይገባል፣ የጋዙ ግፊት ወይኑን ያወጣዋል። መርፌው ሲወጣ ቡሹ ራሱ ይገጥማል። የሠራው ግሬግ ላምብሬክት የሚባል የሕክምና መሣሪያ ፈልሳፊ ነው፣ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013። አየር ስለማይገባ የቀረው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ለተፈጥሮ ቡሽ ነው የተሠራው። ፕላስቲክ ቡሽ ላይ ቀዳዳው አይገጥምም። አረፋ ያለው ወይን ላይ በዚሁ መርፌ ፈጽሞ አትሞክሩ። ውድ ጠርሙስ ለሚያዘወትር ይሆናል። ለአንድ_ብርጭቆ ግን ግማሽ ጠርሙሷ ትበቃታለች።

አረፋ_ወዳጅ፦
እኔ ጋ ግማሽ ሻምፓኝ ቀርቷል። ማንኪያ አንገቱ ላይ ስቀሉበት፣ አረፋው አይጠፋም ተባልኩ። ይሠራል?

የቡሽ_ሰው፦
አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1994 የስታንፎርዱ ኬሚስት ሪቻርድ ዜር ከባልደረቦቹ ጋር ይሄንኑ ፈትነውታል። ማንኪያው ምንም ለውጥ አላመጣም። ሰው የሚሸወደው አረፋው ማንኪያ ኖረም አልኖረም ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ማግስቱ ስለሚቆይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ መቆየት ይወዳል።

አፉን ግራና ቀኝ የሚይዝ ክንፍ ያለው የሻምፓኝ ክዳን አለ። እሱን ግዛ፣ ርካሽ ነው። የወይን ቡሽ ጠቅጥቀህ እንዳትተወው። ያልተከፈተ ሻምፓኝ ውስጡ ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ግፊት አለው። የተከፈተውም ቢሆን ግፊቱ መልሶ ይሰበሰብና ቡሹን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ፓምፕ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ የምትስበው አረፋውን ራሱን ነው። ወዲያው ክደነው፣ ፍሪጁ ውስጥ ከኋላ አቁመው። የፍሪጅ በር በተከፈተ ቁጥር ስለሚናወጥ በሩ ላይ አታድርገው።

አረፋ_ወዳጅ፦
ማንኪያውን አወጣሁት። አመሰግናለሁ።

ጥርጣሬ፦
ይቅርታ፣ የጤናውን ነገር ልጠይቅ። ሁለት ሳምንት የቆየ ቀይ ወይን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁ። ቢጠጣ ያሳምማል?

ላብራቶሪ፦
አልኮሉና አሲዱ ሰውን የሚያሳምሙት ተህዋስያን እንዲያድጉ አይፈቅዱም። ጣዕሙ ነው የሚያስቀይምህ። ብርጭቆ ውስጥ ቀዳና እየው። ቀዩ ወደ ቡናማ ካደላ፣ አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከሸተተህ ለመጠጣት አልፎበታል። የአሴቶኑ ሽታ ኤቲል አሴቴት ይባላል፤ አሲዱ ከአልኮሉ ጋር ሲዋሃድ የሚመጣ ነው።

አልኮል የወጣለት ወይን ግን በዚህ ሒሳብ አይገባም። ጠባቂው ስለሌለው እንደማንኛውም ጭማቂ ይበላሻል፣ ሊሻግትም ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን አክብር።

ካርቶን፦
ትንሽ ትንሽ ለሚጠጣ ሰው በካርቶን የሚመጣውን ወይን ለምን አትመክሩም? ውስጡ ያለው ከረጢት ወይኑ ሲቀንስ አብሮ ይጨማደዳል፣ በአየር አይተካም። ከተከፈተ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ቶማስ አንጎቭ የተባለ አውስትራሊያዊ ወይን ጠማቂ ነው እ.ኤ.አ. በ1965 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው። ሰው ካርቶን ሲያይ ይንቃል። ለዚህ ችግር ግን የተሠራው እሱ ነው።

ጋሽ_አሳላፊ፦
ንቀቱ ከካርቶኑ አይደለም ልጄ፣ ብዙ ጊዜ ከሚሞላበት ወይን ነው። ደህና ወይን ከሞሉበት ግን ያልከው ልክ ነው። ያልተከፈተውን ካርቶን ብቻ ለዓመታት አታስቀምጠው። የከረጢቱ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ አየር ያሳልፋል።

አንድ_ብርጭቆ፦
ጋሼ፣ ለእንደኔ ያለ ሰው ከተከፈተ በኋላ እንደልቡ የሚቆይ ወይን አለ? ማታ ማታ ጣት የምታህል ብቻ ብቀዳ።

ጋሽ_አሳላፊ፦
አለ እንጂ። ማዴራ። ሲሠራ ሆን ተብሎ በሙቀትም በአየርም ተፈትኗል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያበላሸው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከተከፈተ ወራት ይቆያል። ፖርት ደግሞ ዓይነቱን ማወቅ ነው። ቶኒ የሚባለው በበርሜል ከአየር ጋር ስለከረመ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይሄዳል። ቪንቴጅ የሚባለው በጠርሙስ ስላረጀ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠጣት አለበት፤ የአልኮሉ ብርታት አያታልልሽ። ሼሪም እንዲሁ ነው። ኦሎሮሶ ሳምንታት ይታገሳል። ፊኖ ግን በርሜሉ ውስጥ የእርሾ ሽፋን ከአየር ሲጠብቀው የኖረ ነው። ከተከፈተ እንደ ነጭ ወይን ቁጠሪው። ቀዝቅዞ፣ በሳምንት ውስጥ።

አንቺ ለጠየቅሽው ቶኒ ወይም ማዴራ ያዢ። ብርጭቆውም ትንሽ ይሁን።

ኮምጣጣ፦
ያለፈበትን ወይን አትድፉት። አቼቶ ይሆናል። ግን ቡሽ የተከደነ ጠርሙስ ረስቶ ማስቀመጥ አቼቶ አይሠራም፣ የደከመ ወይን ነው የሚወጣው። አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ያስፈልጋል። የወይኑ አልኮል 13 በመቶ ከሆነ ያንኑ ያህል ውሃ ጨምሩበት፣ ባክቴሪያው አልኮል ሲበዛበት ይሰንፋል። ከዚያ ያልተጣራና ያልተሞቀ አቼቶ ወይም ከላዩ የሚንሳፈፈውን፣ "እናት" የሚባለውን የባክቴሪያ ሽፋን ጣል አድርጉ። አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ሙቀት ባለበት ጨለማ ቦታ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። መሐል ላይ አሴቶን አሴቶን ይሸታል። አትደንግጡ፣ ያልፋል።

የአቼቶውን ዕቃ ከምትጠጡት ወይን አርቁት። የፍራፍሬ ዝንቦች ባክቴሪያውን በእግራቸው ይዘው ነው የሚዞሩት።

ፓምፕ_አለኝ፦
በረዶ ማድረጊያ ውስጥ አፍስሶ ፍሪዘር መክተትስ? ለስጎ የሚሆን።

ኮምጣጣ፦
እሱማ ጥሩ ነው። ገና ደህና ሳለ ከሆነ። አቼቶ የጀመረውን ወይን ብታበስለው ኮምጣጣነቱ ስጎው ውስጥ ይቀራል። ወይን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ መርጋት ይጀምራል፣ የቤት ፍሪዘር ይበቃዋል። አልኮል ስላለበት ኩቡ እንደ ውሃ አይጠነክርም፣ ትንሽ ለስለስ ይላል። ሲረጋ ከረጢት ውስጥ ሰብስበው፣ አለዚያ የፍሪዘሩን ሽታ ይስባል። በጠርሙሱ እንዳለ ግን እንዳትከተው። ሲረጋ ይሰፋና ወይ ቡሹን ይገፋል ወይ ጠርሙሱን ይሰነጥቃል።

ሲቀልጥ ታች የስኳር ፍሬ የመሰለ ነገር ታያለህ። የመስታወት ስብርባሪ እንዳይመስልህ፤ ቅዝቃዜ ከወይኑ ያወጣው የታርታሪክ አሲድ ጨው ነው። አይጎዳም፣ ከነፍሬው ድስት ውስጥ ጨምረው።